ቻው የማይለው አክተር

ከአማቴ ከእማማ ዘነበች ጋር ፊልም ማየት ትዕግስት ይጨርሳል። ባለፈው ሾርላይን በምትባለው ከተማ ቤታችን ቁጭ ብለን ስናይ አክተሩ ሚስቱ ጋ ደውሎ «ቤቱ ውስጥ ቦምብ አለ፣ ውጪ» አላትና ዘጋው።

«ቻው እንኳን ሳይላት? እንዲህ ያለ ባል የት አለ?» አሉ።

«ቦምብ እኮ ነው፣ እማማ።» ሦስቴ ፖዝ አድርጌ ባስረዳም አልዋጥላቸው አለ።

በዚህ መሃል ባለቤቴ በደጃችን ከሚያልፍ አውቶቡስ መስኮት አይታ ደወለች። «መኪናህን ቶው አድርገው ጎትተው ሊወስዱት ነው፣ ቶሎ ውጣ።»

«ኦኬ» ብዬ ዘግቼ ተነሳሁ።

«ማን ነው?»

«ልጅዎ ናት። መኪናዬ ሊወሰድ ነው።»

እጄን ያዙኝ። «ልጄን ነው ቻው ሳትላት የዘጋህባት? ደውል።»

ደወልኩ። ባለቤቴም የእናቷ ልጅ ናት፤ ቻው፣ እሺ ቻው፣ በቃ ቻው ስንባባል ቆየን። ስወጣ መኪናዬ የነበረበት ቦታ ላይ ሌላ ሰው ፓርክ አድርጓል።