ጉልላቱ ላይ የተመታው ምስማር

ያኔ ነገሌ አስተማሪ ነበርኩ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ጸሐፊም ነበርኩ። ዛሬም ያንን ጉልላት ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ከሜጋ የሚመጣ ጭነት መኪና ገና ከሩቅ የሚያየው እሱን ነበር። ስምንት ጎን ያለው፣ ከጽድ እንጨት ተዋቅሮ ቆርቆሮ የለበሰ ግዙፍ ጉልላት ነው። በየዓመቱ ዝናብ ሳይገባ ወጥተው የሚጠግኑት አንድ ሙስሊም ሽማግሌ ነበሩ፤ የሊበን ተወላጅ፣ ቆርቆሮ ሠሪ። ከአሮጌ የመኪና ከመነዳሪ ክብ ክብ ጎማ ቆርጠው ከምስማሩ ሥር ያስገባሉ። አንድም ጠብታ ገብቶ አያውቅም።

ለቤተ ክርስቲያኑ ከሰሜን አዲስ አስተዳዳሪ መጡልን። በመጡ በወሩ «ያልተጠመቀ እግር ከታቦት በላይ አይቆምም» አሉ። ኮሚቴው በአዎንታ አንገቱን ነቀነቀ፤ እኔም ነቀነቅኩ። ለጥገናው መዶሻ ጨብጦ የማያውቅ ዲያቆን ወጣ። ዜማ ላይ ማንም አይደርስበትም፤ ቆርቆሮ ግን ዜማ አይሰማም።

ሽማግሌው ከአጥር ውጭ ቆመው ጮኹ። «ዲያቆን! የቆርቆሮው ጉድጓድ ላይ አትምታ፣ ውሃው የሚሄደው በዚያ ነው! ከፍ ያለው ጀርባው ላይ ምታ!»

ዘበኛው አባረራቸው። እኔ ቤት መጥተው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ።

«አካም መምህር፣ ናጋ? አንተን ይሰሙሃል። ንገርልኝ፣ ውሃ ገብቶ የመቅደሱ ሥዕል ይበላሻል።»

«እነግራቸዋለሁ፣ አንቱ አይጨነቁ» አልኳቸው። አልነገርኩም። አስተዳዳሪውን ፈራሁ፣ በቃ።

ዝናቡ ገባ። በሳምንቱ የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያለው የእመቤታችን ሥዕል ከነሸራው አብጦ ተላጠ። ኮሚቴው ተሰበሰበ። ዲያቆኑን የጠየቀ የለም! «ጥፋቱ የቀድሞው ሠራተኛ የተበላሸ ሥራ ነው» ተብሎ ተወሰነ። ምስማሮቹ የት እንደተመቱ አውቃለሁ፤ ቢሆንም በዚሁ እጄ ጻፍኩት፣ ፈረምኩበትም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝብ ተነበበ።

ከዚያ ወዲያ ሽማግሌውን ጣራ ሥሩልኝ የሚል ጠፋ። ሱቁን ሊያሠራቸው ተስማምቶ የነበረው ነጋዴ እንኳ ከዱብሉቅ ሌላ ሰው አስመጣ። እኔም መንገድ ላይ ሳያቸው እታጠፍ ጀመር።

አንድ ቀን ገበያ መሀል ያዙኝ። የሥራ መሣሪያቸውን ሊሸጡ ይዘው ወጥተዋል። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

«መምህር» አሉኝ እጄን ይዘው፣ «ያንን ወረቀት አንተ ጻፍከው ይላሉ። መምህሩ ስለ እኔ ለአስተዳዳሪው ተናግሯል፣ እንዲህ አይጽፍም ብዬ ተጣላኋቸው።»