ያላየሁት አራተኛ ዲስክ

ትናንት ቅዳሜ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር፣ ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ሳሎን ውስጥ የወንድሜ ልጅ ሳሮን፣ ሁለት ጓደኞቿና እኔ ነበርን።

ስለ አኒሜ (የጃፓን ካርቱን) ይከራከራሉ። ሳሮን የድሮዎቹ ይበልጣሉ ስትል ጓደኞቿ «ቦሪንግ!» ይሏታል።

እኔም ሳላስበው ገባሁበት። «በባሕሩ ዳርቻ ማማ ላይ የመርከቦች መብራት የምትጠብቀውን ልጅ የሚያህል የለም» አልኩ። እንግሊዝኛ ማንበብ የለመድኩት ከዚያ አኒሜ የግርጌ ጽሑፍ ነው። «ብቻዋን እዚያው መቅረቷ ግን ያሳዝነኛል።»

ሦስቱም ዞረው አዩኝ።

«አክስቴ፣ ሲሪየስ ነሽ? ትወጣለች እኮ!» አለች ሳሮን። «መጨረሻ ላይ መብራቱን ለሌላ ሰው ሰጥታ በጀልባ ትሄዳለች።»

እኔ ያለኝ ሦስት ዲስክ ነው። አራተኛ እንዳለው አላውቅም ነበር። ምስኪኗን አሥራ አንድ ዓመት ቆልፌባት ኖሬአለሁ።

እኔም በወንድሜ ቤት ምግብ ሳበስል አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። (ወንድሜ ፌስቡክ አይከፍትም፣ ተመስገን።) ኢስሊ ሰፈር ልብስ የምትሰፋ ጓደኛዬ «ነይ አብረን እንሥራ፤ እስከ እሑድ መልሺልኝ» ብላኛለች።

ዛሬ እሑድ ጠዋት ተነሥቼ ለሁሉም ቁርስ አቀረብኩ፣ ዕቃ አጠብኩ። ከዚያ «ነገ እመጣለሁ» ብዬ ጻፍኩላት። ወንድሜ «ምሳ ምንድን ነው?» ሲለኝ ሳልልከው ስልኩን ኪሴ ከተትኩና ሽንኩርት መላጥ ጀመርኩ።

መጨረሻውን ሳያይ ዓመታት የኖረ ካለ እስቲ ይጻፍልኝ። መልእክቱ አሁንም አልተላከም።