እድራችንን ያፈረሰው ድንጋይ

ትናንት ከቤተክርስቲያን መልስ የእድር ስብሰባ ነበረን፤ እዚሁ ነቀምቴ። የእድሩ ጸሐፊ እኔ ነኝ። ፊዚክስ ስለማስተምር ነው መሰለኝ የመረጡኝ...

ወፍጮ ቤት ያለው ኦቦ ፊቃዱ ስልኩን ከፍ አድርጎ ተነሳ። ሰሞኑን ከጉቴ እስከ አኖ ሰው ሁሉ የሚቀባበለው ቪዲዮ ነው፤ ከሰማይ ወደ ምድር የሚመጣ ድንጋይ።

«ሁላችንም በአንድ ቀን ካለቅን ማን ማንን ይቀብራል? ድንኳኑንም ወንበሩንም ድስቱንም ዛሬውኑ እንካፈል!»

የሳቀ የለም። ግማሹ ወሬውን አያምንም፤ ድስቱን ግን ፈልጎታል።

እትዬ ትርንጎ ከፊት ተቀምጠዋል። ባላቸውን ሆስፒታሉ «ከእንግዲህ ቤት ይሁኑ» ብሎ መልሷቸዋል። ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው፤ እዚህ አገር አንድ ዘመድ የላቸውም። ያላቸው ይሄ እድር ነው።

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ፤ እንደ አገሩ ሰው «ባርሲሳ» ነው የሚለኝ፣ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው። «ባርሲሳ፣ አንተ የተማርከው ንገረን እስቲ።»

ነገርኳቸው። ድንጋዩ እውነት አለ፤ ወደ እኛ ግን አይመጣም። ጅራት የለውም፤ መንገዱ ግን የጅራታም ኮከብ መንገድ ነው። ስለዚህ በረዶው በአቧራ ተሸፍኖ የተኛ ጅራታም ኮከብ ሊሆን ይችላል አልኩ።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ...

«በረዶው ቢገለጥስ?» አለ ፊቃዱ።

«ጋዝ ይለቃል።»

«ጋዙ ድንጋዩን አይገፋውም?»

«በጣም በጥቂቱ።»

«ይገፋዋል! ሰማችሁ? ባርሲሳው ራሱ ይገፋዋል አለ!»

«በጥቂቱ ነው ያልኩት!» ብዬ ጮህኩ።

«እሺ፣ መቼም አይመጣም በላ!»

«በእኛ ዕድሜ አይመጣም። ከዚያ በኋላ ያለውን በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም።»

አዳራሹ ተንጫጫ። እትዬ ትርንጎ ዞር ብለው አዩኝ። «ኧረ መምህር፣ መቼም አይመጣም በልና ዝም በል!»

አላልኩም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ግማሽ እውነት የጻፈ ተማሪ ላይ ኤክስ ሳደርግ የኖርኩ ሰው፣ እንዴት ብዬ ልበል?

ንብረቱ ይከፋፈል በሚለው እጅ ወጣ። ደንቡ ሁለት ሦስተኛ ይላል። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ... ሞልቷል።

ድንኳኑን ማን ይውሰድ በሚለው መስማማት ሲያቅታቸው በቢላዋ ለአራት ቆረጡት። ለእትዬ ትርንጎ ሦስት ሳህንና አንድ ጆግ ደረሳቸው። ሳህኖቹን ታቅፈው በር ላይ ቆሙ።

«ሰውዬው ድንጋዩ ሳይመጣ ቢሞትብኝስ?»

ሁሉም የደረሰውን እየተሸከመ ነበር።

እኔ ግን ስለ ድንጋዩ አንድም የተሳሳተ ቃል አልተናገርኩም።