ዘይቱ እስኪወጣ

የለውዝ ቅቤ እዚህ አገር በብልቃጥ ይሸጣል። ክዳኑን ሲከፍቱት ገጹ እንደ ረጋ ኩሬ ለጥ ብሎ ይታያል፤ የሰው እጅ የነካው አይመስልም። ልጄ ጠዋት ጠዋት ዳቦ ላይ ትቀባዋለች። የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጄ ኤልዳና ደግሞ ከማንኪያው ይልቅ ጣቷን ትመርጣለች፤ በዚህ ነገር ከእናቷ ጋር ሲጨቃጨቁ ይከርማሉ። እኔ በጾሜም በዕድሜዬም ምክንያት ከሩቅ ነው የማየው። ሽታው ግን አይምረኝም። ያ የተቆላ ለውዝ ሽታ አፍንጫዬ ጋ ሲደርስ ይህ የኖርዌይ በረዶ፣ ይህ ድርብ መስኮት ሁሉ ይጠፋና አሰላ፣ እናቴ ጓዳ ውስጥ፣ በሩ ከውጭ ተቀርቅሮብኝ ራሴን አገኘዋለሁ።

ልጅ እያለሁ ቤታችን በዓመት አንድ ጊዜ፣ በሁዳዴ፣ ለውዝ ይወቀጥ ነበር። የእኛ አገር ደጋ ነው፤ ስንዴና ገብስ፣ ባቄላና ተልባ እንጂ ለውዝ አያበቅልም። የእናቴ ወንድም ግን የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር ከሐረርጌ ሲመለስ አንድ ቁና ለውዝ ይዞላት ይመጣ ነበር። እማዬ እስከ ጾሙ አጋማሽ ደብቃ ታቆየዋለች። ከዚያ ትቆላዋለች፣ ሰፌድ ላይ አሽታ ገለፈቱን ታነፍሳለች፣ በትኩሱም ሙቀጫ ውስጥ ይገባል። ነጭ ሽንኩርት፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ለአመል ያህል ሚጥሚጣ፣ ጨው። «የጾም ቅቤ» እንለው ነበር። በሰንበቴ ተራዋ ድፎ ዳቦ ላይ ቀብታ ስታቀርበው እነዚያ ቁጥብ የሰፈራችን እናቶች እንኳ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጥለው ይሻሙበት ነበር።

አወቃቀጡ ሕግ ነበረው። «የጭላሎ ተራራ ነፋስ ያገኘው ለውዝ ዘይቱን አይሰጥም፣ እንደ አሸዋ ደርቆ ይቀራል» ባይ ነበረች እማዬ። ስለዚህ ሙቀጫው ፍሙ አጠገብ ይቀመጣል፣ የጓዳው በር ይዘጋል፣ ነፋስ ገፍቶ እንዳይከፍተውም ከውጭ ይቀረቀራል። ዘይቱ ሳይወጣ አይከፈትም። መስኮት የለም። ብርሃን ከተባለ የፍሙ መቅላትና በበሩ ስንጥቅ የምትገባው አንዲት ክር ናት። እማዬ ውጭ ዱቄቷን እየነፋች ዘነዘናውን ታዳምጣለች፤ ዝም ካልኩ «ምን ሆነሻል?» ይመጣል። ለውዙ ገና ዱቄት ሳለ ድም ድም ይላል፤ ዘይቱ ሲወጣ ድምፁ ይወፍርና ጭብ ጭብ ይላል። መቀርቀሪያው የሚነሣው ያኔ ነው። እስከዚያ ድረስ ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ የሚጥሚጣው ሽታ ጉሮሮዬን እያነቀኝ፣ ደጅ ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱትን የጎረቤት ልጆች ጫጫታ እየሰማሁ እወቅጣለሁ።

ሁለተኛው ሕግ የጨው ነበር። የሚጾም ሰው ሰዓቱ ሳይደርስ አይቀምስም፤ ምላስ ላይ አሳርፎ መትፋትም ቢሆን ያው መቅመስ ነው። በሁዳዴ የእኛን ቤት ጨው የሚቀምሱልን በኦሮምኛ እንደ እናት «አዴ» የምንላቸው ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ነበሩ። ሙስሊም ናቸው፣ በዕድሜም እማዬን ይበልጧታል። ረመዳን ሲገባ ደግሞ እማዬ አጥሩን ተሻግራ የገብስ ሾርባቸውን ትቀምስላቸዋለች። «ጌታ ሁለት ጾም ሲሰጠን ሁለት ምላስም ሰጥቶናል» ይሉ ነበር አዴ እየሳቁ።

የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ኩፍኝ ይዞኝ ለጥቂት ነበር የተረፍኩት። እማዬ «ካተረፍክልኝ በሁዳዴ አቆርባታለሁ» ብላ ተስላለች። ስለቱ የሚገባው ዓርብ ከሰዓት በኋላ በሚቀደሰው ቅዳሴ ነበር፤ እሑድ ደግሞ የሰንበቴ ተራዋ። ቅዳሜ ሰንበት ነውና ሙቀጫ አይነካም። ስለዚህ ለውዙ በዚያው ዓርብ ጠዋት መወቀጥ ነበረበት። አባቴ ለእህል ንግዱ ሳጉሬ ሄዷል። እኔ ከትምህርት ቤት ቀርቼ፣ ከትናንት ጀምሮ ውኃ እንኳ ሳልቀምስ ጓዳ ገባሁ። መቀርቀሪያው ከኋላዬ ቋ አለ።

እማዬ ሰዓት አልነበራትም፤ ሁሉንም በጸሎት ነበር የምትለካው። አርባ አንድ ጊዜ «እግዚኦ» ተብሎ ሲወቀጥ አንድ እፍኝ ጨው ይገባል። አርባ አንድ እግዚኦታ ሰው በጣቱ አንጓ ይቆጥራል፤ ሁለት እጁ ዘነዘና የያዘ ልጅ ግን በምን ይቁጠር? እኔ አርባ አንድ ፍሬ ባቄላ መሬት ላይ ደርድሬ በእግሬ አውራ ጣት አንድ በአንድ ወደ ግራ መግፋት ለምጄ ነበር። ጸሎቱ ከልብ ይሁን አይሁን እግዜር ይወቀው፤ ቁጥሩ ግን ተሳስቶብኝ አያውቅም።

ያን ዕለት ደጅ ያሉት ልጆች ተጣሉ። አንዷ «መስመር ረግጠሻል!» ስትል ሌላዋ «በእናቴ ሞት አልረገጥኩም!» ትላለች። እኔም ጆሮዬ እዚያ ሄደ። ስመለስ ባቄላዎቹ በሙሉ ወደ ግራ ተሻግረዋል። ጨውስ? የጨው ቅሉ አጠገቤ ነው። ዘግኜ ጨምሬያለሁ ወይስ አልጨመርኩም? እጄን አሸተትኩ፤ ሚጥሚጣ ብቻ ይሸተኛል። ሙቀጫው ውስጥ አጎንብሼ ባይ ጨለማ ነው። ሁለት ጊዜ ከገባ የዓመቱ ለውዝ ተበላሸ፣ እማዬም እሑድ በሰንበቴው ፊት ተዋረደች። ካልገባም ዘይቱ ከወጣ በኋላ የተጨመረ ጨው አይሟሟም፤ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። የዘነዘናው ድምፅ ደግሞ መወፈር ጀምሯል።

«ጨው ጨመርሽ?» አለች እማዬ ከውጭ።

«አዎ!» አልኩ። እውነት ይሁን ውሸት እኔም አላውቅም ነበር።

ጣቴን ከሙቀጫው ውስጥ ሰድጄ ምላሴ ላይ አሳረፍኩት። ጨው ነበረው፤ ልክ ነበር። «ተመስገን» አልኩ። በዚያው አፌ «ተመስገን» ስል ነው የሠራሁት ሥራ የገባኝ። ለመቁረብ ሰዓታት የቀሩት አፍ ቀምሷል። ሆዳምነት እንኳ አልነበረም፤ መጠንቀቄ ነው ያሳተኝ። ሌላ መላ አላወቅሁምና መውቀጤን ቀጠልኩ። ወዲያው ጭብ ጭብ ማለት ጀመረ፣ በሩም ተከፈተ።

አዴ ፋጡማ ከደጅ ጀምሮ እማዬን በስሟ እየተጣሩ ገቡ። «አንቺ የሺ! የምትጾሙት እናንተ፣ የምፈተነው እኔ! ይኸ ሽታ እኮ ከእኔ ቤት አልወጣ አለ።» እማዬ ሙቀጫውን ወደ ብርሃን አወጣችና ማሰሮ ልታመጣ ዞረች። አዴ ሊቀምሱ ጎንበስ ሲሉ ቀጥ አሉ። ከሙቀጫው ጠርዝ ሥር የትንሽ ጣት ፈለግ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፈለጉን አዩ፣ እጄን አዩ፣ ፊቴን አዩ። ከዚያ ወፍራም ጣታቸውን እዚያው የእኔ ጣት በሄደበት ላይ ሰደዱና ጎትተው ላሱት።

«ሚዛን ነው!» አሉ ለእማዬ ጮክ ብለው። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እጅሽ ይባረክ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ።

ከግርፊያ ያዳኑኝ መስሏቸው ነው። እኔ ግን ፈለጌ ሲጠፋ አንድ መውጫ የተደፈነብኝ ያህል ተሰማኝ። እማዬ ራሷ አይታው ቢሆን ኖሮ ተቆጥታ፣ ገርፋ፣ ያልቅ ነበር።

አጠበችኝ፣ ነጭ ቀሚስ አለበሰችኝ። በመንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ሦስት ጊዜም «ዛሬ ስለቴ ሊሠምር ነው፣ ዛሬ እግዚአብሔር ፊት አላፍርም» እያለች ለራሷ ስታወራ ሰምቼ ዘጋሁት። ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ሕፃናት ተሰለፍን። ከፊቴ ልጆች፣ ከኋላዬ ልጆች፣ በግራ በቀኝ እናቶች፤ ዞሮ መውጣት የለም። የቤታችን የንስሐ አባት አባ ተክሌ ነበሩ የሚያቆርቡት። ተራዬ ደረሰ። ሰምቼ ያደግሁት ነገር አለ፤ ቀምሶ የቆረበ እሳት ነው የጎረሰ ይባላል። ከንፈሬን ነክሼ ያዝኩ። እማዬ ከኋላዬ «አፍሽን ክፈቺ እንጂ» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ትከሻዬን ይዛ ወደ ፊት ገፋችኝ። አባ ለአፍታ ዓይን ዓይኔን አዩኝና ወደሚቀጥለው ልጅ አለፉ።

ያን ጊዜ በእኛ አገር ቅዱስ ቁርባን ፊት አፉን የዘጋ ልጅ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። «ኩፍኙ አይደለም ሊገድላት የነበረው፣ ሌላ ነገር አለባት» አሉ ሴቶቹ። እሑድ በሰንበቴው ላይ ስለ ጋኔኔ በሹክሹክታ እያወሩ የጾም ቅቤውን ሲበሉ ሰምቻለሁ። «ምስኪን! ሰባት ቀን ጠበል ይበቃታል ይሆን?» ትላለች አንዷ። «የዘንድሮው ጨው ደግሞ ልክክ ብሏል እኮ» ትላለች ሌላዋ እየጎረሰች።

ከቅዳሜ ጀምሮ ጎሕ ሲቀድ ጠበል እጠመቅ ነበር። ከጭላሎ ሥር የሚወርድ ውኃ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አባ ተክሌ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው «ማነህ አንተ? ስምህን ተናገር!» ይላሉ። እማዬ ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብላ ታለቅሳለች። ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ሰኞ ዕለት ግን ጥርሴ እየተንገጫገጨ «ወለተ ማርያም ነኝ» አልኳቸው። የክርስትና ስሜን ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው።

አባ ጎንበስ አሉ። «ምን አልሽ?»

«ጋኔን የለብኝም፣ አባ። ጨው ቀምሼ ነው።»

በዚያ ብርድ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ባቄላውን፣ ጨለማውን፣ ጣቴን። የአዴን ነገር ብቻ ተውኩት። አባ ፂማቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁም። «ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» አሉ። «ለእማዬ ይነግሩብኛል ብዬ» አልኳቸው። «ንስሐ የተቀበለ አባት ያወራል እንዴ?» አሉና ቀና ብለው ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «ለቋታል» አሉ። «ነገ እንዳታመጧት።»

እልል ተባለ። እማዬ እየሮጠች መጥታ እርጥብ እንዳለሁ አቀፈችኝ። እኔም ያን ጊዜ በሩ ለሁለተኛ ጊዜ ሲዘጋ ሰማሁት። አባ ንስሐ ነውና ለማንም አይናገሩም፤ አዴ ስለሚወዱኝ አይናገሩም። እኔም እንዲያ ደስ ካላት በኋላ ምን ብዬ ልናገር? ሁለት ደጋግ ሰዎች፣ አንዱ ከውስጥ አንዱ ከውጭ፣ ቀርቅረውብኝ ቀሩ። ትምህርት ቤት ስመለስ ልጆቹ «ያቺ የለቀቃት» የሚል ስም አውጥተውልኝ ጠበቁኝ። አሰላን ለቅቄ እስክወጣ ድረስ በዚያ ስም ነው የኖርኩት። እማዬ እንድቆርብ በፋሲካ ዋዜማ ስትወስደኝ አፌን በሰፊው ከፈትኩ፤ እሷም ከኋላዬ «ተመስገን» አለች።

በዓመቱ ሁዳዴ ሲመጣ አጎቴ እንደ ወትሮው ለውዙን አመጣ። ፍሙ ተጫረ፣ ሙቀጫው ቀረበ፣ ባቄላዬን ደረደርኩ። የመቀርቀሪያውን ድምፅ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። እማዬ በሩን ገርበብ አድርጋ ተወችውና ደፉ ላይ ተቀመጠች። የጭላሎ ነፋስ ገባ። ፀሐይም አብሮ ገባ፤ ሙቀጫው ውስጥ ያለው ሁሉ ይታየኝ ነበር። እስከ ቀትር ብወቅጥ ዘይቱ አልወጣ አለ። አዴ ቀምሰው «ጨውስ ደህና ነው» ብቻ አሉ። በሰንበቴውም እንደ አሸዋ የሚበተን ነገር ቀረበ፤ ማንም አልተሻማም። እማዬ «የዘንድሮ ለውዝ ዘይት የለውም» አለች፣ ዓይኔን ሳታየኝ። ከዚያም በኋላ ያን በር ዘግታብኝ አታውቅም።

እማዬ ጋኔኑ የያዘኝ በዚያ ጨለማ ነው ብላ ፈርታ ነበር? ወይስ አዴ አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ነግረዋት ነበር? አልጠየቅኋትም። ትልቅ ሰው ሆኜ እንኳ ባገኘኋት ቁጥር «ነገ እነግራታለሁ» እያልኩ፣ እዚህ ሳለሁ መርዶዋ መጣ። ለእግዚአብሔር ነግሬዋለሁ። ለእሷ ግን ሳልነግራት ቀረሁ፤ ይኸው ይቆጨኛል።

ባለፈው ሳምንት ዓርብ ወጥ ቤት ስገባ ኤልዳና ብልቃጡን ታቅፋ ቆማለች። ክዳኑ ክፍት ነው፤ ያ ለጥ ያለ ገጽ መሐል ለመሐል በጣት ታርሷል። እናቷ ሥራ ናት፣ ማታ ትመጣለች። «አያቴ፣ ለማሚ እንዳትነግሪያት» አለችኝ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ። ከንፈሯን ነክሳ ይዛለች። አነካከሷን አውቀዋለሁ።

እጄ አዴ ፋጡማን ሆኖ ተዘረጋ። ፈለጉ ላይ ሊያልፍበት፣ ሊያጠፋው። ግን ቆም አልኩና ጣቴን ከእሷ ጣት ፈለግ ጎን፣ ትንሽ ራቅ አድርጌ ሰደድኩት። ብልቃጡ ውስጥ አንድ ትንሽና አንድ ትልቅ ፈለግ ጎን ለጎን ሆኑ።

«ማታ እናትሽ ስትመጣ ሁለታችን ነን ብለን እንነግራታለን» አልኳት። «በዚያው ይለቅልናል።»

ልጅቷ ጣቷን ላሰችና ሳቀች። እኔ የራሴን ቧንቧ ሥር አጠብኩት፤ ጾሜን የምፈታበት ዘጠኝ ሰዓት ገና አልሞላም ነበር።