የጋሽ ኢያን መርዶ በስልክ አይነገርም

አሁንም ውሸት ይመስለኛል። ባለፈው ሳምንት እዚህ ፍራንክፈርት፣ ጊንሃይም ሰፈር፣ ደረጃችን ላይ አግኝተውኝ "ሰናይት፣ ሱቅ ከሄድሽ ጨው አምጪልኝ" ያሉኝ ሰውዬ እንዴት ነው የሉም የምለው?

ጎረቤቴ ጋሽ ኢያን ከትናንት በስቲያ ልባቸው ደክሞ ክራንከንሃውስ፣ ሆስፒታል ውስጥ አረፉ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩት መጻፍ ስላልነበረብኝ ነው። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ለማታውቋቸው፣ ጋሽ ኢያን ስኮትላንዳዊ ናቸው። እንግሊዝ ነዎት ያላቸው ሰው ቤታቸው ሻይ አይቀርብለትም። የዓሣ ሳይንቲስት ነበሩ፤ ዕድሜ ልካቸውን ያጠኑት ዓሣ ሳይበላሽ እንዴት እንደሚቆይ ነው። በወጣትነታቸው አርባ ምንጭ ወርደው ጫሞ ሐይቅ ዳር ዓመታት ኖሩ።

ያኔ አስጋሪው የተረፈውን ዓሣ አሸዋ ላይ ያሰጣው ነበር። ዝንብ የተወውን ዝናብ ይጨርሰዋል። እሳቸው ከአስጋሪዎቹ ጋር ሆነው ሆዱን ቶሎ ማጽዳት፣ ጨው ማስነከስ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ቆጥ ላይ ማስጣትና መረብ ማልበስ ጀመሩ። የዓሣ ቋንጣው ክረምቱን የሚሻገር ሆነ። እትዬ ፀሐይን ያገቡትም እዚያው ነው። በኋላ ለሥራ ፍራንክፈርት መጡ፣ እዚሁ ጡረታ ወጡ።

አንድ ቀን ቤታቸው ምሳ እየበላን ሰው ሳማ "ዓሣ ግማቱ ከአናቱ" አልኩ። ማንኪያቸውን አስቀመጡ። "ከአናቱ አይደለም፣ ከሆዱ ነው። እኔ አይቻለሁ" አሉኝ፣ በዚያ በአርባ ምንጭ አማርኛቸው። ኧረ ተረት ነው ብላቸው ወይ ፍንክች። ከዚያ በኋላ ዕድር ላይም ሰርግ ላይም ያቺ ተረት በተነሳች ቁጥር "ከሆዱ ነው" ማለት ሆነ። እትዬ ፀሐይ ጠረጴዛ ስር እግራቸውን ይረግጧቸው ነበር።

ባልኮናቸው ላይም ዓሣ ያደርቁ ነበር። ጎረቤት ከሰሰና የሕንፃው ተቆጣጣሪ፣ ሃውስማይስተሩ፣ እየተቆጣ መጣ። ጋሽ ኢያን ዓሣውን አፍንጫው ስር ያዙለት። አሸተተ። ደግሞ አሸተተ። "ከገማ እኔው እጥለዋለሁ" አሉት። ሰውዬው ቋንጣ በወረቀት ተጠቅልሎለት ወረደ፤ እኔ ሳቄን አፍኜ በሩን ዘጋሁ።

እንግዲህ ወደዚህ ሳምንት ልምጣ። እትዬ ፀሐይ እህታቸውን ሊጠይቁ አርባ ምንጭ ናቸው። ጋሽ ኢያን የልብ ሐኪም ቀጠሮ፣ ቴርሚን፣ ስለነበራቸው ቀሩ። ሲደክማቸው አምቡላንስ የጠራሁት እኔ ነኝ፤ አብሬያቸውም ሄድኩ። እጄን ይዘው "ፀሐይ በስልክ እንዳትሰማ። ሰው ይሂድ" አሉኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም።

አደራ ተቀብዬ ቀረሁ።

በዚህ ዘመን ወሬ ደብቆ መያዝ ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንዱ ወንድማችን ፎቷቸውን ከሻማ ጋር ኢንተርኔት ላይ ለጥፎ አገኘሁት። ደውዬ ልክ ልኩን ነግሬ ፎቶውን አስነሳሁት። ወገኖቼ፣ በእናታችሁ፣ ነፍስ ይማር ለማለት ማን ያሯሩጣችኋል? መጀመሪያ ቤተሰብ ይስማ።

ትናንት እትዬ ፀሐይ ራሳቸው ደወሉ። "ስልኩን አያነሳም" አሉኝ። "ትንሽ አሟቸው ክራንከንሃውስ ገብተዋል፣ ስልክ ከልክለዋቸዋል" አልኩ። "እሺ ልጄ፣ አንቺም እረፊ" ብለው ዘጉት። እኔ ኩሽናው ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

መርዶውን እንዲያደርሱ የለመንኳቸው ጋሽ መንገሻን ነው፤ ከጋሽ ኢያን ጋር የመጀመሪያውን ቆጥ ያቆሙ ሽማግሌ አስጋሪ ናቸው። የሁለቱን ታሪክ ጋሽ ኢያን እየከበዳቸው ነው ያጫወቱኝ። ያኔ የወጣቱ መንገሻ አባት ደጋ አገር ሞተው መልእክቱ ጋሽ ኢያን ቢሮ ደረሰ። እሳቸው እውነት አይዘገይም ብለው በቀጥታ ሐይቁ ዳር ወረዱ። መንገሻ ምሳ እየበላ ነበር። ጉርሻው እጁ ላይ እንዳለ ነገሩት። ልጁ ወደቀ። ሽማግሌዎቹ ጋሽ ኢያንን "አንተ ሰው፣ እንዲህ ይነገራል?" ብለው ገሠጿቸው። መርዶ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ደግፎ የሚይዝ ባለበት እንደሚነገር የተማሩት ያን ቀን ነው።

ዛሬ ማለዳ ጋሽ መንገሻ የድሮ አስጋሪዎቹን አስከትለው ሄዱ። በሩን ሲያንኳኩ እትዬ ፀሐይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንበር ደርድረው ተቀምጠው አገኟቸው። "ማንም አልነገራትም፤ እኛ ገና ከበር ነን" ብለው አለቀሱብኝ ጋሽ መንገሻ፣ በስልክ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ፀሐይ ደወሉልኝ። "ትናንት ድምፅሽ ነግሮኝ ነበር" አሉኝ። "ታዲያ ምነው ዝም አሉ?" አልኳቸው። "እሱ ሰው ይሂድ እንደሚል አውቃለሁ። ሰዎቹ እስኪመጡ ጠበቅኩ፤ ከዚያ ነው ያለቀስኩት" አሉኝ።

ሌሊቱን ሙሉ ብቻቸውን ይዘውት አደሩ ማለት ነው።

ጋሽ ኢያን፣ እኛ አደራ የጠበቅን መስሎን ስንራወጥ፣ የጠበቁልዎት እትዬ ፀሐይ ናቸው። አስጋሪዎቹ ዙሪያቸውን ከበዋቸው ስምዎን እየጠሩ አልቅሰዋል፤ አንድም ሰው እንኳ እንግሊዙ ያለዎት የለም። እትዬ ፀሐይ ነገ ይሳፈራሉ፤ ኤርፖርት ሄጄ የምቀበላቸው እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ እርስዎ ወደሌሉበት ቤት እንዴት ይዣቸው እንደምገባ ግን አላውቅም። ደህና ይሁኑ፣ የኔ አባት።