ክረምቱን የገፉልን መኪና

ባለቤቴ የመኪናዋን ቁልፍ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ የገባ ቀን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታዬ እስከ ማግስቱ ጠዋት ቆየ። ነጭ፣ ትንሽ፣ ከኛ በፊት በስንት ሰው እጅ እንዳለፈች እግዜር ይወቀው። ሥራ ልንሄድ ስንነሳ አልነሳም አለች። ሞተሪኖዋ ተበላሽቷል፤ ካልተገፋች ሞተሩ አይነሳም። ባለቤቴ መሪ ጨበጠ። ገፊዋ ማን እንደሆነች መናገር አያስፈልግም።

ያኔ ሀና ማርያም አካባቢ ገና እርሻ ነው። እንደ እኛ ያሉ አዲስ ገቢዎች የሠሯቸው ጥቂት ቤቶች አሉ፤ የተቀረው ጤፍና ከብት ነው። ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ብቻ ይሆናል። እኔ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነኝ፤ ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጌ፣ ጸጉሬን ተተኩሼ፣ ጭቃ ውስጥ መኪና ስገፋ አስቡት። ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። አንዱማ "እህቴ፣ በእግርሽ ብትሄጂ አይቀልሽም?" አለኝ። ቀኑን ሙሉ በንዴት ስበግን ዋልኩ፤ ያናደደኝ ልክ መሆኑ ነው።

ከዚህ ጉድ ያወጡኝ አጥር የምንጋራቸው እትዬ ናቸው። የሰፈሩ ነባር ገበሬ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከብቶቻቸውን ይዘው ከአንዲት ሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ፤ ወተትም የምንገዛው ከእሳቸው ነው። አንድ ጠዋት እየገፋሁ ሳለ የወተት ጣሳቸውን አስቀመጡና ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ልጃቸውን ጠሩ። "አንቺ ግቢ፣ ልብስሽ ይበላሻል" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ክረምቱን ሙሉ እንዲሁ ሆነ። ባለቤቴ ሲወጣ እናትና ልጅ ከግቢያቸው ብቅ ይላሉ። ልጅቷ እየገፋች ትስቃለች፤ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ቢፈናጠርባት ግድ የላትም። እኔ ውስጥ ተቀምጬ "እግዜር ይስጥልኝ" እላቸዋለሁ፣ ሰው እንዳያየኝ ደግሞ አንገቴን እቀብራለሁ።

መስቀል እንዳለፈ ልጅቷ ታጨች። እትዬ ወተቱን እያቀበሉኝ፣ "የሙሽራው ወገን መኪና የለውም" አሉኝ። "ሙሽሮቹን በናንተዋ ቤተ ክርስቲያን አድርሱልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

"በደስታ ነዋ፣ እትዬ" አልኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ገፍተው የጠየቁኝ ይህንኑ ብቻ ነው።

ባለቤቴ መኪናዋን ላፍቶ አንድ ጋራዥ አስገባት። ከርማ ከርማ ወጣች። ሞተሪኖዋ ተቀየረ፣ ፍሬኗ ተሠራ፣ ዝገት የበላው የኋላ በሯም ከሌላ አሮጌ መኪና በተነቀለ በር ተተካ። ዓመታዊ ምርመራውን አልፋ ቦሎ ተለጠፈላት። ቁልፉን ሲያዞረው እፍ ሳይሉባት ተነሳች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ዓይኔ አዲሱ በር ላይ ቀረ። አረንጓዴ ነው። ነጭ መኪና፣ አረንጓዴ በር። ባለቤቴ ከሰርጉ በኋላ ይቀባል አለኝ።

"ሙሽራ በዚህ በር ስትወርድ ሰው ምን ይላል?" አልኩት።

"ደርሳ ትውረድ እንጂ ምን ይላል?"

እሱ እንዲህ ነው፤ የሰው ዓይን አይታየውም። እኔ ሌሊት ተኝቼ እንኳ ቪዲዮ ቀራጩ ካሜራውን በሩ ላይ ሲደቅን ይታየኝ ጀመር። ሰርጉ ሲቃረብ አለቃዬን ለምኜ ጥቁር ማርቸዲሳቸውን ከነሾፌራቸው አስፈቀድኩ። ለባለቤቴም ለእትዬም አልተነፈስኩም። ድንገት አይተው እንዲደሰቱ ነው፣ እሳቸውን ላስከብር ነው እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ።

የሰርጉ ጠዋት ማርቸዲሱ መጥቶ የእትዬ ደጅ ቆመ። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። እኔም ነጠላዬን አስተካክዬ አጠገቡ ቆምኩ። ባለቤቴ መኪናችንን ሲያጥብ ነግቶበት፣ እጅጌውን እንደሰበሰበ፣ ቁልፏን ይዞ ከበራችን ወጣና ባለበት ቀረ። እትዬ ክንዳቸው ላይ ሮዝ ሪባን ጠምጥመው ብቅ አሉ። መጀመሪያ መኪናውን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን።

"የናንተዋ ዛሬም አልነሳም አለች?" አሉኝ ቀስ ብለው።

"ኧረ እሷስ ደህና ናት፣ እትዬ። ይሄ ይሻላል ብዬ ከአለቃዬ ለምኜ ነው።"

"ደህና ናት?" ማርቸዲሱን ዳግም አዩት። "በኛ አፍረሽ ነው?"

ያፈርኩት በመኪናዬ ነው ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ቃሉ አልወጣ አለኝ። እናትና ልጅ ክረምቱን ሙሉ ጭቃ የጠጡላት መኪና ናት፤ በእሷ አፍሬ በእነሱ አላፈርኩም ብል ማን ያምነኛል? መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"አሁኑኑ ትውጣ፣ እዚሁ ናት" አልኩ።

"ተዪ። ሰው ደጄ ድረስ መጥቶልኝ ተመለስ እለዋለሁ? ነውር ነው።"

ሪባኑን ራሳቸው ሊያስሩ ወደ ማርቸዲሱ ሄዱ። አንዱን ጫፍ ቋጥረው ሲስቡት በሌላው በኩል አልደርስ አለ። ቢስቡት ቢስቡት አጠረ። ባለቤቴ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ "ልጅቷ ባለፈው አንቺ ሥራ ላይ እያለሽ መጥታ የኛዋን ለክታ ሄዳ ነበር" አለኝ።

ሾፌሩ ሊያግዛቸው ወረደ። እትዬ ጥፋቱ የራሳቸው ይመስል አንገታቸውን ደፉለት።

"ይቅርታ ልጄ፣ ለሌላ መኪና ተለክቶ ነው" አሉት።

አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ወደ እኔ አልዞሩም።