የማሚቱ የክርስትና ስም

ያረጋል ቡሬ ላይ ኮምፒውተር መጠገን ከጀመረ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ወገቡ ጎብጧል፤ ዓይኑ ደክሟል። ሰው ግን የሞተ ዕቃ ሁሉ እሱ እጅ ሲገባ ነፍስ የሚዘራ ይመስለዋል። ለራሱስ መቼ ተረፈው።

በዚያ ጠዋት አያ ባምላኩ የሚባሉ ሽማግሌ ከሽንዲ መንገድ በኩል ካለ ገጠር የደብራቸውን ላፕቶፕ በነጠላ ጠቅልለው መጡ። አርባ ዓመት አብራቸው የኖረች ሚስታቸው ማሚቱ ማታ ዐርፋለች፤ ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ቄሱ ለፍትሐቱ የክርስትና ስሟን ይፈልጋሉ፤ ሽማግሌው ግን አያውቁትም። የነፍስ አባቷ አምና ሞተዋል፤ ዘመድም የላትም። የምእመናኑ መዝገብ ያለው እዚህ ላፕቶፕ ውስጥ ነው፤ እሱ ደግሞ አልነሣም ብሏል።

«አርባ ዓመት አብረው ኖረው?» አለ ያረጋል። ድካሙ ምላሱን አሹሎታል።

«ማሚቱ ስላት አቤት ትላለች። ሌላ ስም ምን ያደርግልኛል ብዬ ነው፣ ልጄ?»

ቻርጀር ቀየረ፤ ምንም የለም። ውስጡን ፈትቶ አቧራውን ጠረገ፤ አሁንም ጥቁር ነው። «ይሄስ አበቃለት፤ ፋይሉ ግን ላይጠፋ ይችላል» አለና ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ በኬብል ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኘው። ወዲያው መብራት ሄደ። ሁለቱም መብራቱን ሊጠብቁ ተቀመጡ። ያረጋል ተናዷል፤ በመብራቱ ይሁን በሽማግሌው፣ ለራሱም አልለየለትም።

መብራቱ የተመለሰው ስድስት ሰዓት ሲሆን ነው። ዲስኩ ደኅና ነበር፤ መዝገቡም ተከፈተ። ባምላኩ፣ የክርስትና ስም ኃይለ ሚካኤል። ከሥር ማሚቱ። በስሟ ትይዩ የተጻፈውን ያረጋል ሁለት ጊዜ አነበበው። «ወለተ ማርያም» ብሎ ቢገላገልስ፣ ማን ያውቅበታል? አፉ ድረስ መጥቶ ነበር። በሌላ ሰው ስም ነፍስ መሸኘት ግን ከበደው።

«ምን ይላል?» አሉ ሽማግሌው።

«‹ባሏ ጠይቆ ያመጣል› ይላል፣ አያ።»

ሽማግሌው ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ ቀስ ብለው አጣጠፉ።

«እውነት ነው፣ እኔ ነኝ ያልሁት። ስንመዘገብ እሷ ውጭ ቁጭ ብላ ትጠብቀኝ ነበር። ማታ ቤት እጠይቃታለሁ አልሁ። ዛሬ ነገ ስል ሦስት ዓመት ሆነው።»

ተነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ቄሱ ማሚቱ ብለው ይፍቷት እንግዲህ። እሱ ፈጣሪዋ ያውቃታል። ያላወቅኋት እኔ ነኝ።»

ላፕቶፑን ረስተውት ሄዱ።